ከዝርዝሩ መካከል

አዳማ በሰው ሁሉ አፍ ናዝሬት በነበረችበት ዘመን የስምጥ ሸለቆው ዝርዝር ማደሪያው እሷ ነበረች። ከሻሸመኔ፣ ከአርሲ ነገሌ፣ ከዝዋይና ከመቂ የሚመጣው ሞጆ ላይ ታጥፎ ይደርሳል። ከአሰላ የሚወርደው በዴራ በኩል ይገባል። የወንጂ ሸንኮራ ቆራጭ ደመወዙን በተቀበለ ማግስት ገበያውን ያጥለቀልቀዋል። ከድሬዳዋ የሚመጣው ደግሞ ባቡር ተሳፍሮ ነው። ያን ሁሉ ሳንቲም መጀመሪያ ጋሪ ነጂው ይቀበለዋል፤ ከሱ ወደ ጠጅ ቤት፣ ከጠጅ ቤት ወደ እንጨት ሻጯ፣ ከእንጨት ሻጯ ወደ እናቴ ሱቅ። እናቴ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ ጠባብ ቤት ጨውና በርበሬ፣ ክብሪትና ላምባ፣ ከረሜላና ቆሎ ትሸጥ ነበር።

ማታ ማታ የወተት ዱቄት ጣሳው ሰፌድ ላይ ይገለበጣል። መለየቱ የኔ ሥራ ነው። ባለ አርባ ሻማ አምፖል ስር ቁጭ ብዬ ስሙኒውን ለብቻ፣ ሽልንጉን ለብቻ፣ ባለ አሥሩንና ባለ አምስቱን ለየብቻ እከምራለሁ። ከዚያ በአሮጌ አዲስ ዘመን ጋዜጣ እየጠቀለልን ሁለቱን ጫፍ እናጥፋለን፤ ሃምሳ ባለ አሥር ሳንቲም አንድ ጥቅል፣ አምስት ብር። ሥራው ሲያልቅ ጣቴ ጠቁሯል። የሳንቲም እድፍ በአንድ ሳሙና የሚለቅ ነገር አይደለም።

እናቴ የምትፈልገው ሒሳቡ እንዲገጥም ብቻ ነበር። እኔ የምፈልገው ከዝርዝሩ መካከል የማይመስለውን ነው።

የሚመስለውን የኔ ዘመን ልጅ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ይለየዋል። ደርግ ያወጣቸው አምስቱም ሳንቲሞች በአንድ ፊታቸው የአንበሳ ራስ አለባቸው። በሌላው ፊት፣ አንድ ሳንቲሟ ላይ በበሬ የሚያርስ ገበሬ፣ አምስቱ ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው፣ አሥሩ ላይ የደጋ አጋዘን፣ ስሙኒው ላይ እጃቸውን ያነሡ ወንድና ሴት፣ ሽልንጉ ላይ የተሰበሰበ ሕዝብ። የደጋ አጋዘን ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ ካሉት ደጋዎች፣ ከአርሲ፣ ከባሌና ከጨርጨር ወዲያ በዓለም ላይ የትም የለም። የአዳማ ልጅ ግን የጎረቤቱን ተራራ አውሬ ያወቀው ከአሥር ሳንቲም ላይ ነው። አንድ ሳንቲሟ ደግሞ አሉሚኒየም ናት፤ አንድ ግራም እንኳ አትሞላም። ሳህን ውስጥ ባለ ውሃ ላይ በቀስታ ካስተኟት ትንሳፈፋለች። በሷ የሚገዛ ነገር ያኔም ብዙ ስላልነበረ ዋና ጥቅሟ መንሳፈፉ ነበር ማለት ይቻላል።

የማይመስሉት ከብዙ አቅጣጫ ይመጣሉ። ከጅቡቲ መስመር ዕቃ የሚያመላልሱ ሴቶች ፍራንክ ይዘው ይወርዳሉ፤ ጀልባና መርከብ ያለባቸው ቢጫ ባለ አሥርና ባለ ሃያ፣ ግመሎች የቆሙበት ነጭ ባለ ሃምሳ። ባለ ሃምሳው በመጠን ከኛ ሽልንግ ጋር ስለሚቀራረብ ምሽት ላይ በጋሪ ሒሳብ ተቀላቅሎ ይገባና ጠዋት ያናድዳል። አልፎ አልፎ ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ጥሎት የሄደ ሊሬ ብቅ ይላል። በምኒልክ ጊዜ ፓሪስ የተመታው ብር፣ ፲፰፻፹፯ የሚለው፣ እኔ ሰፌድ ላይ አርፎ አያውቅም፤ ስለሱ የሰማሁት ከሽማግሌ አፍ ነው።

ከሁሉም በላይ የምፈልገው የጃንሆይን ሳንቲም ነበር። መዳብ ነው፤ ብዙ ሰው ስለነካው ወደ ጥቁር ያደላ ቡናማ ሆኗል። በአንድ ፊቱ ጃንሆይ በጎን ይታያሉ፣ በሌላው አንበሳው ዓርማውን ተሸክሞ ይራመዳል። ስሙኒው ጠርዙ ዙሪያውን እንደ አበባ የተከረከመ ስለሆነ ገና ከጣሳው ሲወድቅ ይታወቃል። የመከርከሙ ታሪክ የሚያስቅ ነው። መጀመሪያ የወጣው ስሙኒ ድፍን ክብ ነበር፤ በመጠን ከሃምሳ ሳንቲሙ ጋር ተቀራረበ። ሃምሳ ሳንቲሙ ደግሞ እውነተኛ ብር ነው። ብልጦቹ መዳቡን ስሙኒ በብር ቀለም እያነጡ በሽልንግ ሒሳብ ማለፍ ጀመሩ። መንግሥት ክቡን ሰበሰበና ጠርዙ የተከረከመውን አወጣ። ሃያ አምስት ሳንቲም ለማትረፍ ያን ያህል የደከመ ሰው ዛሬ ቢኖር ምን ይሠራ ነበር እላለሁ አንዳንዴ።

የጃንሆይን ሳንቲም ከሰፌዱ ላይ ሳነሣ እናቴ መጀመሪያ የምታየው በሩን ነው። ቀጥላ እኔን።

«ወዲህ በል» ትላለች።

መደርደሪያው ላይ የተነጠፈውን ጋዜጣ ገለጥ አድርጋ ከስሩ ትሸጉጠዋለች። ጋዜጣው ላይ ጓድ ሊቀመንበሩ ፋብሪካ ሲመርቁ፣ ከስር ጃንሆይ፤ ከላይ ደግሞ የበርበሬ ጣሳ። ሳንቲም ይዞ ተገኘ ተብሎ የታሰረ ሰው አላውቅም፣ እሷም አታውቅም ነበር። ያ ዘመን ግን ምክንያቱን አጣርቶ የሚፈራበት ዘመን አልነበረም።

በሳንቲሞቻችን ላይ ዓመተ ምሕረቱ የሚጻፈው በግእዝ ቁጥር ስለሆነ ቁጥሩን የለመድኩት ከቄስ ትምህርት ቤት ይልቅ ከሰፌዱ ነው። ፲፱፻፴፮ ካለ ጃንሆይ፤ ፲፱፻፷፱ ካለ ደርግ። ሌላ ዓመት የለም። ሰባን፣ ሰባ አንድን፣ ሰባ አምስትን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ገና አብረቅራቂ ሆኖ ከባንክ የወጣ ባለ አሥር እንኳ ፷፱ ነው የሚለው። ቢቸግረኝ ባንክ ቤት ለሚያውቀን ገንዘብ ያዥ ነገርኩት። ሰውየው ጥቅሎቻችንን አንድ በአንድ እየፈታ፣ በሌባ ጣቱ አምስት አምስት እያደረገ ወደ ራሱ እየሳበ የሚቆጥር ሰው ነበር፤ እየቆጠረ ማውራት ይችላል፣ ሒሳቡ አይጠፋበትም።

«ማሙሽ፣ ዓመቱ የሚቀየረው መልኩ ሲቀየር ነው» አለኝ። «ፋብሪካው ያንኑ መልክ ይመታል፣ ያንኑ ዓመት ይጽፋል።»

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። የጃንሆይ ሳንቲሞች ፊላደልፊያና ለንደን ለአሥርት ዓመታት ሲመቱ ኖረው ሁሉም ፲፱፻፴፮ ነው የሚሉት። ከነሱ በፊት አገሩን የሞላው ጠገራ ብርም እንደዚያው ነው፤ ማሪያ ቴሬዛ በፈረንጆች 1780 ሞተች፣ ብሯ ግን ከዚያ በኋላ በየአገሩ እየተመታ ሁሌም 1780 እንዳለ ቀረ። ያያቶቻችን ወገን ዓመቱን አይቶ አያምንም ነበር፤ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁ ነበር የሚቆጥረው፣ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ነበር የሚሰማው።

አሜሪካ ውስጥ ይህን የኔን ጨዋታ ትልቅ ሰው ይጫወተዋል። እዚያ ዳይሙና ሩብ ዶላሩ እስከ ፈረንጆች 1964 ድረስ ከመቶ ዘጠና እጁ ብር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ብሩ ወጣ። ስለዚህ ሰው ባንክ ሄዶ ጥቅል ሳንቲም በገንዘቡ ይገዛል፣ ቤቱ ወስዶ እየፈታ ዓመቱን ያያል፣ ያገኘውን ያስቀርና የቀረውን ጠቅልሎ ይመልሳል። ዓመቱን አይቶ! እኛ ጋ እንዲህ ያለ አቋራጭ የለም። የኛ ሳንቲም ማን እንዳወጣው እንጂ መቼ እንደተመታ አይናገርም። ፷፱ን ከ፷፱ ለመለየት የፈለገ ሰው የአንበሳውን አገጭ ማየት አለበት፤ ቀና ያለ ነው ወይስ ያላለ፣ የጢሙ ፀጉር በየት በኩል ረዝሟል። ሰብሳቢዎች በዚህ ይከራከራሉ። እኔም በልጅነቴ ሁለት ዓይነት አንበሳ እንዳለ አይቼ ለእናቴ ባሳያት፣ «አንበሳው ሁለት ቢሆንም አሥር ሳንቲሙ ያው አሥር ነው» ብላ ወደ ጥቅሉ መለሰችው።

የብሩን ሽልንግ በእጄ የያዝኩት ከጎረቤታችን ከአንጥረኛው ዘንድ ነው። ሰባት ግራም ያህል ይመዝናል፣ ከአምስት እጅ አራቱ ንጹሕ ብር ነው። ብሩ የመጣው ከአሜሪካ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወዳጅ አገሮች በውሰት ከሚሰጠው ላይ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 አዲሱ የወረቀት ብር ሲወጣ ጠገራ የለመደ ገበሬ ወረቀት አላምንም እንዳይል አብሮት የሚዞር፣ ሲጥሉት የሚጮኽ ነገር ያስፈልግ ነበር። ሽልንጉ ሥራውን ከሚገባው በላይ ሠራ። ሰው በጣም ስላመነው ደበቀው። ገበያ ላይ የቀረው ወረቀቱ ነው፤ ብሩ ወደ ሣጥን፣ ከሣጥን ወደ አንጥረኛ። አንጥረኛው አንዱን በጉጠት ይዞ ከሰሉ ላይ ሲያደርገው አይቻለሁ። መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ ጃንሆይ ጠርዝ ጠርዛቸው መቅለጥ ጀመረ፣ አፍንጫቸው ለጥቂት ጊዜ እንደ ቆመ ነበር፣ ወዲያው ሁሉም ነገር አንድ ጠብታ ሆነ። ጠብታዋ በማግስቱ የክርስትና መስቀል ሆና ወጣች። ጠገራውም በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። ከሐረርጌ በባቡር የሚመጡ እናቶች አንገት ላይ በሰንሰለት የታሰረውን እናይ ነበር፤ ልጆቻቸው ግን ከዓመታት በኋላ በግራም ሸጡት።

የኔን መዳብ ሳንቲሞች የወሰዳቸው የሻሸመኔ መስመር ሹፌር ነው። ጃንሆይ ለጥቁር ወገኖች መሬት ከሰጡ ጀምሮ ሻሸመኔ ጃማይካ ሰፈር የሚባል አላት። ሹፌሩ እዚያ ያሉት ራስታዎች የጃንሆይ ፊት ያለበትን ነገር ሁሉ ይወዳሉ ብሎ ለአንዱ ሳንቲም ድፍን ብር ይከፍለኝ ነበር። እሱ በስንት እንደሚሸጠው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። እናቴ ከጋዜጣው ስር አውጥታ ስትሰጠው ፊቷ ላይ የሚታየው የትርፍ ደስታ ሳይሆን የእፎይታ ነበር። እኛ የምንሸሽጋቸውን ንጉሥ በመንገድ ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወዲያ ያሉ ሰዎች ግድግዳቸው ላይ ሰቅለዋቸዋል።

ከዚያ 1983 መጣ። ጓድ ሊቀመንበሩ ከጋዜጣው ላይ ወረዱ፤ ሳንቲሙ ግን ያው ነው። አዲስ መንግሥት በገባ ቁጥር ሳንቲም ይቀየራል ብዬ ስጠብቅ ደርግን የጣሉት ሰዎች የደርግን ሳንቲም እንዳለ ወረሱት። ሳንቲሙ ላይ «ኢትዮጵያ» ከማለት በቀር የሥርዓት ስም ስላልተጻፈበት ማንንም አልቆረቆረም። በመጨረሻ ዓመቱ ሲቀየር እንኳ፣ ከ1996 ጀምሮ የሚሉት ሲመጡ፣ ጠመንጃ ያዡ አምስት ሳንቲም ላይ እንደ ቆመ ነበር። የተቀየረው ሆዱ ነው። የድሮው አምስትና አሥር ሳንቲም ናስ ነበር፤ አዲሱ ናስ የተቀባ ብረት ነው፣ ማግኔት ይይዘዋል። ከዚያ 2002 የሚለው ባለ አንድ ብር ሳንቲም መጣ፤ አንበሳ በአንድ ፊቱ፣ ሚዛን በሌላው። የወረቀቱ አንድ ብር እየሳሳ፣ እየተቀደደ፣ በፕላስተር እየተጠጋገነ ቆይቶ ቀረ።

ሳንቲሞቹ ሲጠፉ ማንም አዋጅ አላወጀባቸውም። አንድ ሳንቲሟ መጀመሪያ ሄደች፤ መሄዷን ያስተዋለ የለም። ባለ አምስቱ ተከተለ። ሱቅ ውስጥ መልስ ሲጎድል ከረሜላ መስጠት ተጀመረ፣ ከዚያ ማስቲካ፣ ከዚያ «ሌላ ጊዜ ውሰድ»። ከረሜላውን መልሶ ለባለ ሱቁ በሳንቲም ሒሳብ ልስጥህ ያለ ደንበኛ ግን ምን እንደተባለ ሁላችንም እናውቃለን።

መጨረሻ ላይ ሳንቲም የተከበረው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው። በማርያም፣ በገብርኤል፣ በሚካኤል ቀን አጥሩን ተደግፈው ዝርዝር የሚሸጡ ሰዎች ነበሩ፤ በአንድ ብር ዘጠና ሳንቲም። ምጽዋት ሰጪው አንድ ብሩን ለዘጠኝ ደሃ ያካፍላል፣ ዘርዛሪው አሥር ሳንቲሙን ያተርፋል፣ ማታ ደግሞ ከተመጽዋቹ ያንኑ ሳንቲም በብር ይገዛዋል። አንዱ ባለ አሥር በአንድ በዓል ስንት ጊዜ ለጽድቅ እንደዋለ ማን ያውቃል። ከነዚህ ዘርዛሪዎች አንዷ፣ ነጠላዋን ዘርግታ የምትቀመጥ እናት፣ የጃንሆይ ወይም የጅቡቲ ሳንቲም ስታገኝ በመቀነቷ ጫፍ ትቋጥር ነበር። ከኔ የተሻለች ፈላጊ ነበረች፤ ባንኩ በወር የማያየውን እሷ በአንድ የኅዳር ሚካኤል ታየዋለች።

በደርግ ጊዜ አንድ ዶላር 2 ብር ከ07 ሳንቲም ነበር። ያቺን ሰባት ሳንቲም ልብ በሉልኝ፤ ሬዲዮ ላይ ሳትቀር ትነበብ ነበር። በ1985 ዶላሩ 5 ብር ሆነ። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ከመቶው በኋላ የሚመጣውን ሳንቲም ዛሬም ባንኮች በሰሌዳቸው ላይ እስከ ሁለትና ሦስት አኃዝ ይጽፉታል። በእጅ አምጡት ብትሏቸው ግን የላቸውም። አዳማ ላይ ጋሪው በባጃጅ ተተክቷል፣ የድሮው ባቡር ቆሞ አዲሱ በከተማዋ ዳር ያልፋል፣ ከግንቦት 2013 ወዲህ ደግሞ በየሱቁ መስኮት ላይ የቴሌብር ቁጥር ተለጥፏል። በቴሌብር ሲከፍሉ ሳንቲሙ ሳይጎድል ይተላለፋል፤ ስልኩ ላይ እንኳን ሃምሳ ሳንቲም፣ አንድ ሳንቲምም ትታያለች። ከሰው እጅ የወጣችው ሳንቲም ወደ መስታወት ገባች።

እናቴ ካረፈች በኋላ ከሱቁ ጓዳ የተረፉ ጥቅሎች ይዤ ወደ አንድ ባንክ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ በጣም ጨዋ ናት።

«ጋሼ፣ ይሄን ቆጥሮ የሚረከብ ሰው እኮ የለንም» አለችኝ። ጋዜጣውን ገልጣ አየችና፣ «ውይ፣ ይሄ የድሮ ነው አይደል? ቲክቶክ ላይ ብዙ ሺህ ብር ያወጣል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ወሬውን እኔም ሰምቼዋለሁ። በቴሌግራምም በቲክቶክም የደርግ አሥር ሳንቲም ያለው ሰው ሀብታም ነው የሚል በየጊዜው ይነሣል። ሰውም ጥያቄውን ይዞ ይመጣል፤ የት ነው የሚሸጠው? የ፷፱ አምስትና አሥር ሳንቲም በመቶ ሚሊዮኖች የተመታ ነው። በዚያ ላይ የኪስ ለኪስ ዕድሜውን ጨርሶ የተፋቀውን ማንም ሰብሳቢ አይሽቀዳደምበትም። ሰብሳቢ የሚፈልገው ያልተነካውን ነው፤ ሳንቲም ሆኖ ሳለ ሳንቲምነቱን ያልሠራውን። የብሩ ሽልንግ ቢገኝ ሌላ ነገር ነው፤ ግን እሱ መስቀል ሆኗል።

ልጄ በበኩሉ ነገሩን በሌላ መንገድ ጨረሰው። ባለፈው ክረምት ቆራሌው በር ላይ ሲጮኽ ጠራውና የባዶ ጠርሙሶቹን ሒሳብ ሲያስብ ጥቅሎቹን አወጣለት። ቆራሌው ጎረምሳ ነው፣ ከኪሱ በክር የታሰረች ማግኔት አወጣ። አንዱን ጥቅል ፈታና ሳንቲሞቹን ማዳበሪያው ላይ በተናቸው፣ ማግኔቷን ከላያቸው በቀስታ አሳለፋት። የተጣበቁትን አራግፎ ወደኛ መለሰ። የቀሩትን እያገላበጠ አያቸው፤ ጣቱ ፈጣን ነው፣ ለየብቻ ይከምራል።

«አባባ፣ ይሄ የደርግ ነው፣ ናስ ነው፣ በኪሎ እወስደዋለሁ» አለኝ። አንዷን አሉሚኒየም አንሥቶ በመዳፉ ላይ ገለበጣት። «ይቺ ከብረት ድስት ጋር ነው የምትሄደው።»

ከመሐል አንድ ጠርዙ የተከረከመ መዳብ አገኘ። ቀና ብሎ አላየኝም፤ በሌላኛው እጁ ወደ ደረት ኪሱ ከተታት።

«ኧረ እሷንስ?» አለው ልጄ።

«እሷን ለሻሸመኔ ነው» አለና ሚዛኑን አነሣ።